በሁለት እጅ መቆም፦ ጡንቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር? (ጅማ ያላችሁ ግቡ)

ሰላሜ_ጅማ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ ሂርማታ አካባቢ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ወጥቶ መሮጥ የማይታሰብ ሆኗል። ጭቃውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ዩቲዩብ ከፍቼ ዮጋ እሠራለሁ። መዘርጋቱና መተጣጠፉ ብዙም አላስቸገረኝም። አሁን ልቤን የሰቀለው "ቁራ" የሚሉት ነው። ቁጢጥ ብሎ መዳፍን መሬት ላይ መጫን፣ ጉልበትን ክንድ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግር ከመሬት ማላቀቅ።

የገረመኝን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ጂም ይሠራል። እኔን ከነወንበሬ ማንሳት ይችላል። ይህን ሲሞክር ግን ፊቱ ይቀላል፣ አንገቱ ይገታተራል፣ እግሩ ንቅንቅ አይልም። እኔ ፑሽአፕ በቅጡ የማልሠራዋ ለአፍታ ተነሳሁ። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ከዚያ ዱብ።

በዚያች ትንፋሽ ውስጥ የተሰማኝ ነገር ነው እዚህ ያመጣኝ። ጣቶቼ መሬቱን ቆንጠጥ ለቀቅ፣ ቆንጠጥ ለቀቅ ያደርጉ ነበር። እኔ አላዘዝኳቸውም። ይህ ነገር ምንድን ነው? እንዴትስ ነው የሚሠለጥነው? የሚያውቅ ይንገረኝ፣ ከልቤ ነው።

የሰርከስ_ልጅ

እህቴ፣ እንኳን መጣሽ። እኔ ያደግኩት እዚሁ ጅማ በሰርከስ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሰርከስ ኢትዮጵያ ከተጀመረ በኋላ የእኛም ከተማ የራሷ ሰርከስ ነበራት። ዛሬ ሰፈር ውስጥ ልጆች አሠለጥናለሁ። በእጅ መቆም የሁልጊዜ ሥራችን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ። እግርሽን ለማንሳት አትሞክሪ። ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚደክመው። እግር አይነሳም። ትከሻ ወደ ፊት ሲሄድ እግር ራሱ ይቀላል። ክብደትሽ ከመዳፍሽ በላይ መምጣት አለበት፣ ነገሩ ይኸው ነው። መዳፍ ከሥሩ እስከ ጣቱ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ያንሳል። መላ ሰውነትሽ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚደላደለው። መቀመጫሽ ወደ ኋላ ከቀረ አንድ ኩንታል ብታነሺም አይሆንም።

ወንድምሽ ጉልበት አላነሰውም። አፍንጫውን ነው የፈራው። ሰው ወደ ፊት ማዘንበል ሲጀምር ሰውነቱ "ልትደፋ ነው" ይለውና ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ክብደቱ እግሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ልጆቹን መጀመሪያ የማስተምራቸው መውደቅ ነው። ከፊታችሁ ወፍራም ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጉ። ከዚያ ሆን ብላችሁ ወደ ፊት ውደቁ። አገጭ ወደ ደረት ገባ ይበል፣ ጭንቅላት ትራሱ ላይ በቀስታ ይረፍ። ሰውነት መውደቁ እንደማይጎዳው ካወቀ በኋላ ትከሻው ያለ ልመና ወደ ፊት ይሄዳል።

ዓይንሽ ደግሞ ከእጅሽ ትንሽ ራቅ ብሎ ወደ ፊት ይይ። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እግርሽን ልታዪ ጎንበስ ስትዪ ያ ሁሉ ክብደት ይዞሽ ይወርዳል።

ጣቶችሽ ያደረጉት ነገር ትክክለኛው ሥራ ነው። ወደ ፊት ልትደፊ ስትዪ የጣት ጫፍ መሬቱን ይጫንና ያቆምሻል። ወደ ኋላ ስትመለሺ ደግሞ ጣት ብዙ አይረዳሽም፣ ትከሻሽን ነው ወደ ፊት የምትገፊው። ማመን ከፈለግሽ አሁን ተነሺና በባዶ እግርሽ ቁሚ። ዓይንሽን ጨፍኚ። የእግር ጣቶችሽ ያንኑ ቆንጠጥ ለቀቅ ሲሠሩ ታገኛቸዋለሽ።

አባ_ዝናብ

ጥሩ ክር ነው። እኔ የእጅ አንጓዬን ስለሚያመኝ ነው ያቆምኩት። ስሚንቶ ላይ ነበር የምሠራው። ፍራሽ ላይ ብሞክርስ?

ፊዚዮ_ነኝ

አባ ዝናብ፣ ፍራሽ ላይ አይሞከርም። መዳፍ ሲሰምጥ አንጓ የበለጠ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ጣትም የሚገፋው ነገር ያጣል። ጠንካራ ወለል ላይ ቀጭን የማያንሸራትት ምንጣፍ ይበቃል። ሰሌን ስሚንቶ ላይ ስለሚንሸራተት አይሆንም።

አሁን ወደ ሰላሜ ጥያቄ። እዚሁ ጅማ በፊዚዮቴራፒ ነው የምሠራው፣ ጥያቄሽ ከሥራዬ ጋር አንድ ነው።

ዓይንሽን ጨፍነሽ ጣትሽን አፍንጫሽ ጫፍ ላይ ማድረግ ትችያለሽ አይደል? ሳታዪው እጅሽ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ይህን ስሜት ፕሮፕሪዮሴፕሽን ይሉታል። ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን ነው፣ በ1906 እ.ኤ.አ.። ጡንቻ ውስጥ መለጠጥን የሚለኩ ጥቃቅን የስሜት አካላት አሉ። ጅማት ውስጥ ደግሞ ጫናን የሚለኩ አሉ። መገጣጠሚያና ቆዳም የየራሳቸውን ይልካሉ። ሚዛን ስንጠብቅ አንጎል ይህን ከሁለት ነገሮች ጋር ያገናኘዋል። አንዱ ዓይን ነው። ሌላው ውስጠኛው ጆሮ ነው። እዚያ በእያንዳንዱ ጆሮ 3 ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፣ የጭንቅላትን መዞር ይለያሉ። አጠገባቸው ያሉት ከረጢቶች ደግሞ መዘንበልን ይነግራሉ።

ቁራ ውስጥ ስትሆኚ ሦስቱም ይደናገራሉ። ዓይንሽ ወለሉን በቅርብ ነው የሚያየው። ጭንቅላትሽ አዘንብሏል። ትልቁ ለውጥ ግን እጅ ላይ ነው። እግራችን መቆምን የተማረው ዳዴ ካልንበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እጃችን መያዝና መጻፍ እንጂ መቆም ማንም አላስተማረውም። መዳፍ የነካውን ነገር ለይቶ በማወቅ ከእግር ይበልጣል። ያን መረጃ ለሚዛን መጠቀምን ነው አንጎል እንደ አዲስ የሚማረው። ስለዚህ ያቺ አንድ ትንፋሽ ትልቅ ነገር ናት። ጣትሽ ከአንጎልሽ ጋር መነጋገር ጀምሯል ማለት ነው።

የወንድምሽም ጉዳይ ምክንያት አለው። ጂም ውስጥ ተንጋልሎ ብረት ሲገፋ ከትከሻ ጀርባ ያሉት ሰፋፊ አጥንቶች ወደ ኋላ ተሰብስበው እንዲቆዩ ነው የሚለማመደው። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው የሚፈለገው። መሬቱን ገፍተሽ ላይኛው ጀርባሽ ክብ ማለት አለበት። ይህን የሚሠራው ከጎድን አጥንት ጎን ያለው ሴራተስ የሚባለው ጡንቻ ነው። ደረትና ክንዱ ጠንካራ ሆኖ ይህኛው ያልነቃ ሰው ብዙ አይቻለሁ። በእጅና በጉልበቱ ይንበርከክ። ክርኑን ሳያጥፍ ደረቱን ወደ መሬት ይልቀቅ፣ መልሶ ጀርባውን ይግፋ። ቀላል ይመስላል። ይሞክረውና ይንገረን።

ስለ አንጓ አንድ ማስጠንቀቂያ። የእጅ አንጓ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ቁራ ውስጥ ወደ ኋላ እስከ 90 ዲግሪ ድረስ ይታጠፋል። ብዙ ሰው ክብደቱን በትንሿ ጣት በኩል ባለው የመዳፍ ሥር ላይ ይጥላል። ሕመሙ ከዚያ ነው የሚመጣው። የአመልካች ጣትና የአውራ ጣት ሥር መሬቱን መጫኑን በዓይናችሁ እዩ። እዚያ ጋ ወረቀት የሚያሾልክ ክፍተት ካለ ገና ነው። አውራ ጣት፣ አመልካችና መሃል ጣት ከደነዘዙ ወይም ከወረሯችሁ በዚያው አቁሙ። ነርቭ እየተጫነ ነውና ሐኪም ይየው።

እናት_ዓለም

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? ትምህርታችሁ ደስ ይላል። ነገር ግን ዮጋ የሌላ ሃይማኖት አምልኮ ነው ሲባል እሰማለሁ። ልጄም ልትጀምር ትፈልጋለች። ምን ልበላት?

ሰላሜ_ጅማ

እማማ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። እናቴም ይህንኑ ጠይቃኛለች። እኔ የማደርገው እንቅስቃሴውን ነው። መዝሙርና ጸሎት ያለበትን ቪዲዮ አልከፍትም። ከንስሐ አባቴ ጋርም ተነጋግሬበታለሁ። ልጅዎም ከሚያምኑት አባት ጋር ተማክራ ብትወስን ጥሩ ይመስለኛል።

የጅሬን_ልጅ

እኔ ሙስሊም ነኝ። ሥሩ ሕንድ መሆኑ አይካድም፣ ከሃይማኖትም ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ይህን ደብቀን "ስፖርት ብቻ ነው" ብንላቸው እማማን አናከብራቸውም። እውነቱን ማወቅ ይሻላል። በእጅ ከሚሠሩት መካከል ቀድመው ከተጻፈላቸው አንዱ "ማዩራሳና" (የፒኮክ ወፍ አቋም) ነው፣ በጥንታዊ የሕንድ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ዛሬ በየቪዲዮው የምናየው ተከታታይ አሠራር ግን በአብዛኛው የቅርብ ጊዜ ነው። ቲ. ክሪሽናማቻርያ የሚባሉ መምህር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ሲያስተምሩ ነው መልክ የያዘው። ያን ጊዜ ሕንድ ውስጥ ጂምናስቲክም የሰውነት ማጎልመሻም ተስፋፍቶ ነበር። ስለዚህ እኔ ሰውነትን ከማሠልጠን ጋር የተያያዘውን እወስዳለሁ፣ የእምነቱን ክፍል እተዋለሁ። ለእኔ ድንበሩ ግልጽ ነው። ሌላው ለራሱ ይወስን።

እናት_ዓለም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ። እውነቱን ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ። ከአባታችን ጋር እንድትነጋገር እነግራታለሁ።

ቀጥ_በል

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላርም። ክርን ታጥፎ የሚሠራው ትክክለኛ አይደለም። ክንድ ቀጥ ማለት አለበት። እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው።

የሰርከስ_ልጅ

ወንድሜ፣ ሁለቱም አሉ። ክንድ ታጥፎ ጉልበት ከክርን በላይ ሲያርፍ "ካካሳና" ይባላል፣ ቁራው እሱ ነው። ክንድ ቀጥ ብሎ ጉልበት ወደ ብብት ሲጠጋ "ባካሳና" ነው። ሁለተኛው ይከብዳል። ብዙ ቪዲዮ ላይ ስሙን ያቀላቅሉታል፣ ግራ መጋባቱ ከዚያ ነው የመጣው። ጀማሪን ከቀጥታው አስጀምሮ ማስፈራት ግን አይገባም። ክርን ሲታጠፍ ለጉልበት መደገፊያ ይሆናል። ብቻ ክርን ወደ ውጭ እንዳይበተን።

የቡና_ልጅ

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ቁጢጥ ማለቱን። ቁራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅም ነው የኖረችው። ተረከዟ መሬት እንደረገጠ፣ ጉልበቷ ብብቷ ሥር ገብቶ ረጅም ሰዓት ትቀመጣለች። እኔ ወንበር ላይ ስለምውል ያን ማድረግ አቅቶኝ ነበር። ተረከዜ ይነሳል፣ ወገቤ ይጎብጣል። ጉልበት ብብት አካባቢ ካልደረሰ ደግሞ ክንድ ላይ ማሳረፍ አይቻልም። ስለዚህ ክንዴን ትቼ እናቴ ጎን መቀመጥ ጀመርኩ። አብሬያት ቡና እለቅማለሁ። እሷ "ምን ሆነህ ነው ዘንድሮ?" ብላ ደስ ብሏታል። አሁን ቁጢጥ ስል ተረከዜ ይረግጣል። ጉልበቴም ያለ ትግል ክንዴ ላይ ይወጣል። የሚለቀም ቡና የሌለው ሰው ልብስ ሲያጥብ ቁጢጥ ይበል፣ ያው ነው።

ሰላሜ_ጅማ

ይሄ በጣም ጠቀመኝ! በቁጢጥ ቆይቼ ስጀምር ሌላ ሰው ሆንኩ።

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ትራስ ከፊቴ አድርጌ ሆን ብዬ ወደቅኩ። እውነት ነው፣ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ከዚያ ሁለቱን እግር በአንዴ ማንሳቱን ተውኩት። አንዱን ብቻ አነሳለሁ፣ የሌላውን አውራ ጣት መሬት ላይ ነካ አደርጋለሁ። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ስላለው አይደል ወለሉ ሸካራ ቢሆንም የማይነቃነቀው? ሁለት እጅና አንድ የእግር ጣት ሲሆን እኔም እንደዚያ ነኝ። ከዚያ ያቺን ጣት ቀስ ብዬ ቀለል አደርጋታለሁ። የምትነሳበትን ጊዜ እኔ አልወስንም። ትከሻዬ ትንሽ ሲያልፍ ራሷ ትላቀቃለች።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ትንፋሽ ስይዝ ሁሉም ነገር ይደርቃል። ጣቴም መስማት ያቆማል። በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ ሳወጣ ግን የግራ እጄ ከቀኙ ያነሰ እንደሚጫን ተሰማኝ። ይህን ሰው ሁሉ አያውቅም መሰለኝ፣ እኔ ሰላሳ ዓመት ሳላውቀው ኖሬያለሁ! ቀኝ ትከሻዬ ላይ ቦርሳ መያዝ ልማዴ ነው። ከዚያ ይሆን?

ፊዚዮ_ነኝ

ከቦርሳው ሊሆን ይችላል፣ ከሌላም ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ብቻ መናገር አልችልም። ግን መስማትሽ ራሱ ነው ዋናው። ሕመም እስከሌለ ድረስ ለማስተካከል አትቸኩዪ። ግራ እጅሽን ጫን እያልሽ ልዩነቱን ተከታተዪ። ስለ ትንፋሹ ልክ ነሽ። ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ጡንቻው ሁሉ ይወጠራል። ሚዛን ደግሞ ያለማቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ መስተካከልን ነው የሚፈልገው።

ጡረተኛ_ነኝ

ልጆች፣ እኔ ስድሳን አልፌያለሁ። ደም ግፊትም አለብኝ። በእጄ ልቁም ብዬ አይደለም። ግን ደረጃ ስወርድ እግሬ እንደ ድሮው አይተማመንም። በዝናብ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ያዳልጣል። ይህ የምታወሩት ነገር ለኔ ቢጤ የሚሆን አለው?

ፊዚዮ_ነኝ

ጋሼ፣ በጣም አለው። ጥያቄዎ የዚህ ክር ትልቁ ጥያቄ ነው። ግፊት ስላለብዎ ጭንቅላት ወደ ታች የሚዘቀዝቅበትን ነገር ይተዉት። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለበት ሰውም፣ ነፍሰ ጡርም እንደዚሁ። እርስዎ ከከባድ ጠረጴዛ ወይም ከግድግዳ አጠገብ ይቁሙ። አንድ ጣት ብቻ ጠረጴዛው ላይ ያድርጉ። አንድ እግርዎን ትንሽ ከመሬት ያንሱ። ክብደትዎ ተረከዝ ላይ ነው ወይስ ጣት ላይ? እሱን ይከታተሉ። ሲለምዱት ጣትዎን ከጠረጴዛው ያላቁ። በባዶ እግር ቢሆን የበለጠ ይሰማዎታል። ሌላው ተረከዝን ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገጠሙ በግድግዳ ጥግ መራመድ ነው። ዓይን መጨፈኑን ግን ሰው አጠገብዎ ሳይኖር እንዳይሞክሩት። አለመተማመኑ በድንገት የመጣ ከሆነ፣ ወይም ማዞር ካለው፣ ከልምምዱ በፊት ሐኪም ይታዩ። የግፊት መድኃኒትም አንዳንዴ ሲነሱ ያዞራል፣ ይህንንም ይጠይቋቸው።

ጡረተኛ_ነኝ

ተባረኪ ልጄ። ማዞር የለውም፣ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ቢሆንም በቀጠሮዬ ቀን እነግራቸዋለሁ። የጠረጴዛውን ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

የሰላሜ_ወንድም

እህቴ ስሜን ስታነሳ ዝም አልልም ብዬ ገባሁ። ፊዚዮ፣ ያልሽውን ሞከርኩት። በእጅና በጉልበት ተንበርክኬ ጀርባዬን ስገፋ እጄ ተንቀጠቀጠ። ማመን አልቻልኩም። ከብብቴ ሥር ጎኔን ነው ያመመኝ በማግስቱ። እዚያ ጡንቻ እንዳለኝም አላውቅም ነበር። ቁራው ገና ነው፣ ግን አሁን እግሬ ቀለል ይላል። ሌላው ችግሬ ላብ ነው። ጉልበቴ ክንዴ ላይ ይሙለጨለጫል።

የሰርከስ_ልጅ

ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ ልበስ፣ ሱሪህም ጉልበትህን ይሸፍን። ናይለን ግን ይብስብሃል። በጉልበትህ ክንድህን ወደ ውስጥ ጫን አድርገው፣ በክንድህ መልሰህ ግፋው። ዝም ብለህ ከተቀመጥክበት ትወርዳለህ። ጂም የለመደ ሰው ሌላም ችግር አለው። እስኪደክመው ካልሠራ የሠራ አይመስለውም። ይህ ሲደክም አይሠለጥንም። እጅ ሲዝል ጣት መስማት ያቆማል። ትንሽ ሥራ፣ እረፍ፣ ነገ ተመለስ።

የአጋሮ_ሰው

ከአጋሮ ነኝ። ቁራውን አምስት ትንፋሽ እቆያለሁ። ወደ ጎን የሚዞረውን ልጀምር?

የሰርከስ_ልጅ

አምስት ትንፋሽ ሳትጨናነቅ ከሆነ ጀምር። "ፓርሽቫ ባካሳና" ነው። ሁለቱ ጉልበቶችህ ተጣብቀው ይቆዩ፣ ጠመዝማዛው ከወገብ በላይ ይሁን። የጭንህ ውጭ በተቃራኒው ክንድ ላይ ሲያርፍ ነው የሚነሳው። ጉልበትህን በግድ ከጠመዘዝክ ግን ጉልበትህ ይከፍላል። ሁለቱንም ጎን ሥራ፣ በተለይ የማይመችህን።

ሰላሜ_ጅማ

ጅማ ያለን ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ብንገናኝስ? ሳሎናችን ሰፊ ነው፣ እናቴም ፈቅዳለች። ሴቶችም ኑ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ወንድሜ አናጺ ጋር ሄዶ የጡብ ቅርጽ ያላቸው እንጨቶች ያሠራል። እነሱ ላይ ቆሞ መጀመር ይቀላል ብለውኛል። ቦታውን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። እናንተ ትራስ ብቻ ይዛችሁ ኑ።

የቡና_ልጅ

እኔ አለሁ። እናቴንም አመጣታለሁ፣ ቁጢጥ ማለትን እሷ ታሳያችሁ።

ፊዚዮ_ነኝ

እኔም እመጣለሁ። ሰዓትና ቀለበት ቤት ትታችሁ ኑ። ከመጀመራችን በፊት የሁሉንም ሰው የእጅ አንጓ አያለሁ።